ማታ ማታ ብቻ የሚቆራረጥ ብሉቱዝ

ብሉቱዝ ኢርፎናችሁ ቀን ቀን ደህና እየሰራ ማታ ማታ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ፣ አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ ኢርፎኑ ጤነኛ ነው። የተጨናነቀው አየሩ ነው። ይሄን የምጽፈው በሰፈራችን ስንቱ ሰው ደህና ኢርፎን ጥሎ ሌላ ሲገዛ፣ አዲሱም ደግሞ ያው ሲሆንበት ስላየሁ ነው። ብሩ ያሳዝነኛል። በዛ ላይ ችግሩ ቤት ውስጥ፣ ያለ ምንም ወጪ የሚፈታ ነው።

እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ። ቀን ቀን ሰፈሩ ጭር ይላል። አብዛኛው ሰው መሃል ከተማ ስራ ላይ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ግን ሁሉም ይገባል፤ ስልኩ፣ ላፕቶፑ፣ ቴሌቪዥኑ፣ የልጆቹ ታብሌት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዋይፋይ ላይ ይወጣል። የጎረቤቴ ልጅ በሬን የምታንኳኳውም ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ትምህርቷን በኢንተርኔት ነው የምትከታተለው፤ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ያለ ኢርፎን አይሆንላትም። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ፎርጅድ ነው መሰለኝ፤ ድምጹ መሃል ላይ ጥፍት ይላል» አለችኝ። ፎርጅድ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋይፋይና ብሉቱዝ ሁለቱም 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ክልል ይሰራሉ። በቁጥር ካየነው ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ ያለው ቦታ ነው። ማንም የተለየ ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚጠቀምበት ቦታ ስለሆነ ሁሉም እዚያው ነው ያለው፤ ገመድ አልባው ማውስ፣ ኪቦርዱ፣ ማይክሮዌቩ ሳይቀር። ብሉቱዝ ይሄን ቦታ 1 ሜጋኸርዝ ስፋት ባላቸው 79 ቻናሎች ይከፋፍለውና በሴኮንድ እስከ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ዋይፋይ ግን አይዘልም። አንድ ቦታ ይይዝና 20 ሜጋኸርዝ ያህል አንጥፎ ይቀመጣል። ጉልበታቸውም አይመጣጠንም። የቤት ራውተር እስከ 100 ሚሊዋት ሊለቅ ይችላል፤ ክላስ 2 የሚባለው የተለመደ ብሉቱዝ ደግሞ ከ2.5 ሚሊዋት አይበልጥም።

ደግነቱ ብሉቱዝ ዝም ብሎ አይገጭም። ከብሉቱዝ 1.2 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የተጨናነቀውን ቻናል እየለየ ይተወዋል። የቃሊቲ መንገድ ሲዘጋጋ ሚኒባስ ሹፌር ክፍተት ባየበት እንደሚሾልከው ማለት ነው። አንድ ራውተር ብቻ ካለ ከ79ኙ 20 ምናምኑን ይወስዳል፤ ብሉቱዝ በቀሪው ላይ ደህና ይኖራል። ችግሩ ቢያንስ 20 ቻናሎችን መጠቀም ግድ ነው። ንጹህ 20 ካጣ የተጨናነቀውንም እያየ ይገባበታል። ማታ በእኛ ብሎክ የሚሆነው ይሄ ነው። ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ ራውተር አለ። የሚያልፍበት ቀዳዳ ያጣል።

እሺ፣ ምን ይደረግ? ከሁሉ በፊት የሚቆራረጠው ኢንተርኔቱ ነው ወይስ ብሉቱዙ? የሚለውን ለዩ። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ዘፈን ወይም ቪዲዮ ክፈቱና ደቂቃና ሴኮንዱን የሚቆጥረውን ቁጥር ተመልከቱ። ድምጹ ሲጠፋ ቁጥሩም ቆሞ ክቧ መዞር ከጀመረች ኢንተርኔቱ ነው። ድምጹ ጠፍቶ ቁጥሩ መቁጠሩን ከቀጠለ ግን ብሉቱዙ ነው። በዚህች ብቻ ግማሹ ጭቅጭቅ ያልቃል።

ብሉቱዙ ከሆነ ስልካችሁ ላይ የወረደ ዘፈን ክፈቱ። ዋይፋዩን አጥፉ። ዳታውንም አጥፉ። ድምጹ ወዲያው ከጠራ፣ ጥሉ እዚያው ስልኩ ውስጥ ነው፤ የራሱ ዋይፋይና የራሱ ብሉቱዝ ናቸው የተጋጩት። ካልጠራ ደግሞ ስልኩን ከደረታችሁ ፊት በእጅ ይዛችሁ ከብሎኩ ራቅ በሉ። እዚያ ከጠራ የሰፈሩ አየር ነው። ሜዳ ላይም፣ በእጃችሁ ይዛችሁም፣ ዋይፋይ ጠፍቶም ከተቆራረጠ፣ ያኔ ኢርፎኑን ወይም ስልኩን መጠርጠር ተገቢ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ካልሄዳችሁ ዝም ብሎ መነካካት ነው፤ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላውን ታበላሻላችሁ፣ በኋላም የቱ እንደሰራ አታውቁም።

ስለ ስልኩ ውስጥ ጥል ትንሽ ልበል። በብዙ ስልኮች ዋይፋይና ብሉቱዝ የሚሰሩት አንድ ቺፕ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንቴናቸውም አንድ ነው። ሁለቱም 2.4 ላይ ሲሆኑ ተራ ይጠባበቃሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ስለዚህ በኢርፎን እየሰማችሁ ፋይል ስታወርዱ ፍጥነቱ ቢወርድ አትደንግጡ፤ ስልኩ አልተበላሸም። የሚከብደው ብሉቱዙ አዲስ ዕቃ ሲፈልግ ነው። የብሉቱዝ ሴቲንግ ገጹን ክፍት ትታችሁ ከሆነ ስልኩ በአካባቢው ያለውን ሁሉ ማሰስ ይቀጥላል፤ ይሄ ለዋይፋዩም ለድምጹም ጠንቅ ነው። ካገናኛችሁ በኋላ ከገጹ ውጡ። አንድሮይድ ላይ ደግሞ ሎኬሽን ውስጥ ገብታችሁ የዋይፋይ ስካኒንግና የብሉቱዝ ስካኒንግ የሚሉትን አጥፏቸው። ሁለቱ ከጀርባ ሆነው አየሩን ያስሳሉ።

ሆትስፖት የምትጠቀሙ ደግሞ በደንብ ስሙኝ። እዚህ ዳር ላይ የኢንተርኔት መስመር ያልገባለት ቤት ብዙ ነው። ሰው የስልኩን ዳታ ሆትስፖት ከፍቶ ላፕቶፑን ያገናኛል፤ ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ብሉቱዝ ኢርፎንና ብሉቱዝ ማውስ ይጨምርበታል። ሁሉም 2.4 ላይ፣ ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ። መቆራረጡ አይቀርም። አንድሮይድ ከሆነ የሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ ባንድ የሚል አለ፤ ስልኩ የሚችል ከሆነ 5 ጊጋኸርዝ ወደሚባለው፣ ብሉቱዝ ወደሌለበት ሌላው የዋይፋይ ክልል ቀይሩት። አይፎን 12ና ከዚያ በኋላ የመጣ ከሆነ ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለው ሲበራ ሆትስፖቱን ወደ 2.4 ያወርደዋል፤ አጥፉት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ገመድ ነው። ስልኩን በቻርጀር ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ሰኩትና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ የሚለውን አብሩ። ኢንተርኔቱ በገመድ ይሄዳል፣ አየሩ ለብሉቱዙ ይለቀቃል፣ ስልኩም እግረ መንገዱን ቻርጅ ያደርጋል። ለጎረቤቴ ልጅ ያደረግኩላት ይሄንን ነው። ቤታቸው ራውተር የለም፣ ስልኳም 5 ጊጋ አያውቅም። ገመዱ በቃት።

ራውተር ያላችሁ ደግሞ ዋናው ስራ ያለው ቻናሉ ላይ ነው። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም በእኛ ሰፈር ማንም ልብ ያላለው ነገር አለ።

2.4 ላይ ዋይፋይ ብዙ ቻናል ያለው ይመስላል፤ ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት 5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። አንድ ራውተር ደግሞ 20 ይፈልጋል። ስለዚህ ሳይነካኩ ጎን ለጎን መቀመጥ የሚችሉት ሶስት ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ብዙ ሰው ዋይፋይ አናላይዘር የሚባለውን፣ በዙሪያው ያሉ ራውተሮች የትኛው ቻናል ላይ እንዳሉ የሚያሳየውን አፕ አውርዶ ያይና «3 ላይ ማንም የለም» ብሎ እዚያ ይገባል። ይሄ ትክክል አይደለም። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች እርስ በርስ ይሰማማሉ፤ አንዱ ሲልክ ሌላው ይጠብቃል፣ ቢዘገዩም ይግባባሉ። 3 ላይ የተቀመጠው ግን ለ1ም ለ6ም ዝም ብሎ ጩኸት ነው። ብሉቱዝንም ይጎዳዋል፤ በ1ና በ6 መሃል የነበረችውን ክፍተት እሱ ይዘጋባታል። ሰው ቢበዛባቸውም ከሶስቱ አንዱን ምረጡ።

አሁን ማንም ልብ ወዳላለው ነገር፣ ወደ መብራት መጥፋቱ ልምጣ። አብዛኛው ራውተር ቻናሉ ኦቶ ላይ ነው የሚመጣው። ኦቶ ማለት ብዙ ጊዜ ራውተሩ ሲነሳ ዙሪያውን ያይና ባዶ የመሰለውን ይይዛል ማለት ነው። እንግዲህ መብራት ሲጠፋ የብሎኩ ራውተር ሁሉ ይጠፋል። ሲመጣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ይነሳል። እያንዳንዱ አየሩን ሲያይ ጎረቤቱ ገና አልተነሳም፤ ሁሉም ባዶ ይመስለዋል። ከዚያ ተያይዘው አንድ ቻናል ላይ ሊሰፍሩ ይችላሉ። ብዙዎቹ ደግሞ እንደገና እስኪነሱ ድረስ ቦታቸውን አይቀይሩም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አናላይዘሩን ከፍቼ ሳየው የደረጃችን ራውተሮች ተቆላልፈው አገኛቸዋለሁ። ሰው ግን «መብራቱ ኢርፎኔን አበላሸብኝ» ይላል። መብራቱ ኢርፎኑን አልነካውም፤ ራውተሮቹን ነው አንድ ላይ ያጎራቸው።

ማታ እንጀራ የሚጋገርበት ሰዓት ላይ የሚብስበትም ምክንያት አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ዋይፋይ ይረብሻል የሚሉ አሉ። ምጣዱ የሚያሞቅ ሽቦ ነው፤ 2.4 ላይ የሚለቀው ሞገድ የለውም። ግን ብዙ ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲሰካ ኃይሉ ይወርዳል፤ ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፤ ሲነሳ እንደገና ቻናል ይመርጣል። ስታቢላይዘር ወይም ለራውተር የምትሆን ትንሽ የባትሪ ማቆያ ያለው ሰው ይሄን ችግር ብዙም አያውቀውም።

መፍትሔው ቻናሉን ራሳችሁ መቆለፍ ነው። ብሮውዘር ላይ የራውተሩን አድራሻ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ ከራውተሩ ስር የተለጠፈው ወረቀት ላይ ከነፓስወርዱ አለ። ዋየርለስ ወይም ደብሊውላን የሚል ውስጥ ግቡ። 2.4ን ፈልጉ። ቻናሉን ከኦቶ አውጥታችሁ 1፣ 6 ወይም 11 አድርጉ። እዚያው አጠገብ ስፋቱን የሚመርጥ አለ፤ 20/40 ወይም 40 የሚል ካያችሁ ወደ 20 መልሱት። 40 ማለት ካለው ቦታ ግማሽ ያህሉን ለብቻ መያዝ ነው። በረሃ መሃል ብቻውን ያለ ቤት ይጠቀምበት፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ለጎረቤትም ለራስ ብሉቱዝም አይሆንም።

ከጎረቤት ጋር ብትነጋገሩበት ደግሞ የበለጠ ይሰራል። የእኛን ብሎክ የቴሌግራም ግሩፕ ውሃ መጣ አልመጣ፣ ጥበቃ ተከፈለ አልተከፈለ ለማለት እንጠቀምበታለን፤ እኔ ቻናሉንም እዚያ ጻፍኩት። ከላይና ከታች የሚኖሩ ሰዎች አንድ ቻናል ላይ እንዳይሆኑ ተከፋፈልን። ሁሉም አልሰማም። ግን የእኔን አጎራባቾች ያህል ከተስማሙ ትልቅ ነገር ነው፤ የሩቁ ራውተር ብዙ ግድግዳ አልፎ ስለሚመጣ ደካማ ነው።

ራውተራችሁም ስልካችሁም 5 ጊጋኸርዝ የሚችሉ ከሆነ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደዚያ ግቡ። ብሉቱዝ እዚያ የለም። ስልኩ ውስጥ ያለው ጥል በአንዴ ያበቃል። 5 ጊጋ ግድግዳ አያልፍም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ከ2.4 ጋር ሲነጻጸር ቶሎ ይዳከማል። ለእኛ ግን ይሄ በረከት ነው! ኮንዶሚኒየም ቤት ትንሽ ነው፤ ከሳሎን መኝታ ቤት አንድ የብሎኬት ግድግዳ ነው ያለው፣ ያንን ያልፋል። የጎረቤት 5 ጊጋ ደግሞ የኮንክሪቱን ወለል እየሰነጠቀ እኔ ጋ አይደርስም። ራውተሩ ላይ ሁለቱን በተለያየ ስም ሰይሟቸው፤ ያለበለዚያ ስልኩ ደስ ያለው ጊዜ ወደ 2.4 ይመለሳል። አሮጌው ስልክና ቴሌቪዥኑ 2.4 ላይ ይቅሩ፣ ኢርፎን የምትጠቀሙበት ስልክና ላፕቶፕ 5 ላይ ይግቡ።

ራውተሩ የተቀመጠበትንም ቦታ እዩ። እዚህ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜልና ጄሪካን የሌለበት ቤት የለም። ብዙ ቤት ውስጥ ራውተሩ ከመግቢያው በር አጠገብ፣ በርሜሉም እዚያው ነው። ውሃ 2.4ን ይውጣል። ሙሉ በርሜል ከራውተሩና ከሶፋው መሃል ከቆመ ዋይፋዩ ይደክማል፣ ስልኩ ያልደረሰውን እየደጋገመ ያስልካል፣ የተደጋገመው ሁሉ ደግሞ ከብሉቱዙ ጊዜ ላይ ነው የሚቀነሰው። በርሜሉን ማንሳት ካልቻላችሁ ራውተሩን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ከፍሪጅና ከብረት በርም አርቁት። ማይክሮዌቭ ያላችሁ ደግሞ ሲሞቅ ብቻ ከተቆራረጠ ሌላ ምንም አትፈልጉ፤ እሱ ራሱ ነው፣ 2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው የሚሰራው።

ላፕቶፕ ላይ አንድ የተደበቀ ጠላት አለ። ዩኤስቢ 3 የሚባለው ፈጣኑ መሰኪያ፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው፣ ዳታ ሲያስተላልፍ 2.4 አካባቢ ጫጫታ ይለቃል። ኢንቴል ራሱ በ2012 እ.ኤ.አ. በሰነድ አውጥቶታል። ፊልም የሞላበት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሰክታችሁ ኮፒ ስታደርጉ ማውሱ የሚንቀጠቀጠው፣ ኢርፎኑም የሚንተባተበው ለዚህ ነው። ሃርድ ዲስኩን በገመዱ ልክ ከላፕቶፑ አርቁት። የማውሱን ትንሿን መቀበያ ደግሞ በሌላው ጎን ባለው መሰኪያ፣ ቢቻል በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ላይ ሰኩት። አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያም በጣም ይረዳል።

ከቤት ውጭስ? ጠዋት ከብሎኮቹ ወጥታችሁ ወደ ሜዳው ስትራመዱ፣ ምንም ዋይፋይ በሌለበት፣ ኢርፎኑ ይቆራረጥ ይሆናል። ይሄኛው ሌላ ጉዳይ ነው። ሰውነታችን በአብዛኛው ውሃ ነው። ስልኩ የኋላ ኪስ ውስጥ ሆኖ ድምጹን የሚቀበለው ኢርፎን በሌላው ወገን ከሆነ ሞገዱ ሰውነታችሁን አልፎ መሄድ አለበት። ቤት ውስጥ ግድግዳው እያነጠረ ያደርስለት ነበር፤ ሜዳ ላይ የሚያነጥር ነገር የለም። ስልኩን ወደ ደረት ኪስ ወይም ኢርፎኑ ወዳለበት ጎን አዙሩት። አንድሮይድ ላይ ኤልዳክ የሚባለው የድምጽ ጥራት ከበራም አጥፉት። እሱ በሴኮንድ እስከ 990 ኪሎቢት ይልካል፤ ተራው ኤስቢሲ ከ328 አካባቢ አያልፍም። ጥቂት የሚልክ በጠባብ ቦታ ይተርፋል። ጸጥ ባለ ክፍል ቁጭ ብላችሁ ካልሰማችሁ በስተቀር ልዩነቱም ብዙ አይታወቃችሁም።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁ፣ በሌላ ሰው ስልክም ሞክራችሁ፣ አሁንም ሜዳ ላይ ከተቆራረጠ ወይም ሁልጊዜ አንደኛው ጆሮ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ ያኔ ኢርፎኑ ነው፤ ግዙ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የብሉቱዝ ቁጥር ብቻ አይታችሁ ግን አትወስኑ፤ 5.3 ስለተባለ አንቴናው ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ባለ ሱቁን ፈቃድ ጠይቁና ከመክፈላችሁ በፊት ከሱቁ ወጣ ብላችሁ፣ ስልኩን የኋላ ኪስ ከታችሁ፣ ጭንቅላታችሁን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞራችሁ አንድ ዘፈን ሙሉ ስሙበት።